የጨቅላ ሕጻናት የልብ ምርመራ፦ «አልፏል» ሲባል ምን ማለት ነው?

እ.ኤ.አ. በ2025 መባቻ የአሜሪካ የሕጻናት ሐኪሞች አካዳሚ አንድ የቆየ አሠራር አሻሻለ። ጉዳዩ በዚያ ሀገር የሚወለዱ ሕጻናት ከሆስፒታል ከመውጣታቸው በፊት የሚደረግላቸው የልብ ቅድመ ምርመራ ነው። ቅድመ ምርመራ ወይም ስክሪኒንግ የሚባለው ሕመም የማይታይበትን ሰው ሁሉ በቀላል ዘዴ ማጣራት ነው። የሚያጠራጥረው ብቻ ወደ ዋናው ምርመራ ይላካል።

ስለዚህ ምርመራ ብዙ የተምታታ ነገር ይወራል። ሜሪላንድ ወይም ሚኒሶታ የወለደች እናት ከሆስፒታል በወጣችበት ወረቀት ላይ ልጇ የልብ ምርመራውን «አልፏል» የሚል ታነባለች። ቤተሰቡም «ተመስገን፣ ልቡ ጤነኛ ነው» ብሎ ይደመድማል። አዲስ አበባ ደግሞ ለልብ ሕሙማን ሕጻናት የእርዳታ ጥሪ በተሰማ ቁጥር ሌላ ጥያቄ ይነሳል፦ «መሣሪያዋ ይህን ያህል ርካሽ ከሆነች እኛ ሀገር ለምን ለሁሉም ሕጻን አይደረግም?»

ሁለቱም ንግግሮች የሚነሱት ከአንድ ቦታ ነው። ምርመራው ምን እንደሚያይ፣ ምን እንደማያይ፣ ካየ በኋላስ ምን እንደሚከተል በቅጡ አልተነገረም።

መሣሪያዋ ልብን አታይም

ምርመራው የሚሠራው በፐልስ ኦክሲሜትር ነው። በኮቪድ ጊዜ ብዙ ቤት የገባችው፣ ጣት ላይ የምትሰካው ትንሽ መሣሪያ የዚሁ ዓይነት ናት። ለጨቅላ የሚሆነው ግን ጣት አይቆነጥጥም። ለስላሳ ማጣበቂያ ያለው ገመድ በመዳፍና በእግር ላይ ይጠቀለላል። መርፌ የለም፣ ደም አይወሰድም፣ የሚፈጀውም ጥቂት ደቂቃ ነው።

መሣሪያዋ ቀይ ብርሃንና በዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን በቆዳ ውስጥ ታሳልፋለች። ኦክሲጅን የያዘ ደምና ያልያዘ ደም ብርሃኑን እኩል አይመጡትም። ከዚያ ልዩነት ተነስታ፣ በደም ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ስንት በመቶው ኦክሲጅን እንደተሸከመ ታሰላለች። ሐኪሞች «ሳቹሬሽን» የሚሉት ይህን ቁጥር ነው።

እንግዲህ ቀዳዳ አታይም። ቫልቭም፣ ማለትም ደም የሚያሳልፈውን የልብ በር፣ አታይም። የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እጅና እግር የደረሰው ደም በቂ ኦክሲጅን ይዟል ወይስ አልያዘም? ልብን ራሱን ለማየት ኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ ያስፈልጋል። እሱ ደግሞ ውድ ነው። የሚያነበውም የሠለጠነ ባለሙያ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጨቅላው 24 ሰዓት ገደማ ሲሞላው በቀኝ እጁና በአንዱ እግሩ ይለካል። በአዲሱ የአካዳሚው አሠራር ሁለቱም 95 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ ልዩነታቸውም ከ3 ካልበለጠ «አልፏል» ይባላል። ከሁለቱ አንዱ ከ90 በታች ከወረደ ወዲያው ወደ ሐኪም ነው። መሃል ላይ ያለው ከአንድ ሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ይደገምለታል። ከ2011 ጀምሮ በቆየው አሠራር ግን ከእጅና ከእግር አንዱ 95 ቢደርስ ይበቃ ነበር፤ ድግግሞሹም ሁለት ጊዜ ነበር። አዲሱ ማለፊያውን ጠበቅ፣ ውሳኔውንም ፈጠን አድርጎታል።

24 ሰዓቱ ያለ ምክንያት አልተመረጠም። ሳንባው ገና ከማኅፀን ኑሮ እየተላቀቀ ሳለ ከተለካ ብዙ ጤነኛ ሕጻን በከንቱ ይጠረጠራል። በጣም ከዘገየ ደግሞ አንዳንዱ ሕጻን ቤቱ ገብቶ ይታመማል።

ቀኝ እጅና እግር ለምን ተመረጡ?

ማኅፀን ውስጥ ያለ ሕጻን ኦክሲጅን የሚያገኘው ከእናቱ በእንግዴ ልጅ በኩል ነው። ሳንባው ሥራ አልጀመረም። ስለዚህ አብዛኛው ደም ወደ ሳንባ መሄድ አያስፈልገውም። ወደ ሳንባ ከሚሄደው የደም ሥር ወደ አኦርታ የሚያሻግር አንድ አጭር ተለዋጭ መንገድ አለ። አኦርታ ደም ወደ መላ ሰውነት የሚያከፋፍለው ትልቁ የደም ሥር ነው። ይህ ተለዋጭ መንገድ ዳክተስ አርቴሪዮሰስ ይባላል። ሕጻኑ ተወልዶ ሲያለቅስ ሳንባው ይከፈታል፤ ተለዋጩም በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ይዘጋል። ጤነኛ ሕጻን ዋናው መንገድ ስላለው መዘጋቱ ምንም አያደርገውም።

ዋናው መንገድ የተበላሸበትስ? ወደ ሳንባ የሚወስደው ቫልቭ ጨርሶ ያልተከፈተለት ሕጻን አለ። ሁለቱ ታላላቅ የደም ሥሮች ቦታ ተቀያይረው የተወለደም አለ። የግራው የልብ ክፍል ሳያድግ የቀረም አለ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በሕይወት የሚቆዩት በዚያች ተለዋጭ መንገድ ነው። ክፍት እስካለች ድረስ ይጠባሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይተኛሉ። ክብደታቸውም ጥሩ ሊሆን ይችላል። ሐኪም በማዳመጫ ቢሰማቸውም ላያገኝባቸው ይችላል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ዳክተሱ ሲዘጋ ግን በሰዓታት ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል። ቤተሰቡ «ትናንት ደህና ነበር» የሚለው እውነቱን ነው።

አሁን እጅና እግሩ ግልጽ ይሆናል። ቀኝ እጅ ደሙን የሚያገኘው ዳክተሱ አኦርታ ላይ ከሚገባበት ቦታ በፊት ከሚወጣ ቅርንጫፍ ነው። እግር ደሙን የሚያገኘው ከዚያ በታች ነው። ኦክሲጅን ያጣ ደም በዳክተሱ በኩል ወደ አኦርታ እየገባ ከሆነ የእግሩ ቁጥር ከእጁ ያንሳል። ግራ እጅ ለመገናኛው ስለሚቀርብ አይታመንም። መመሪያው «ቀኝ እጅ» ብሎ የሚያጠብቀው ለዚህ ነው።

ሕጻኑ በጊዜ ከታወቀ ፕሮስታግላንዲን የሚባል መድኃኒት በደም ሥሩ ይሰጠዋል። መድኃኒቱ ዳክተሱን ክፍት አድርጎ ያቆየዋል። ሕመሙን አያድንም፤ ቀዶ ሕክምና እስኪደርስ ግን ፋታ ይሰጣል። የምርመራው ዋጋ ያለው እዚህች ፋታ ላይ ነው።

«የልብ ቀዳዳ»ውን ለምን አያገኘውም?

ከውልደት ጋር የሚመጣ የልብ ችግር ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ቀዳዳን ነው። ትክክልም ነው፤ በልብ ሁለት የታች ክፍሎች መካከል የሚቀር ቀዳዳ ከተፈጥሮ የልብ ጉድለቶች ሁሉ በብዛት የሚታየው ነው። ይህ ምርመራ ግን አብዛኛውን ጊዜ አያገኘውም። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ትልቁ ግርታ ያለው እዚህ ነውና።

በእንዲህ ዓይነቱ ቀዳዳ ደሙ የሚያልፈው ከግራ ወደ ቀኝ ነው። ኦክሲጅን የያዘው ደም ተመልሶ ወደ ሳንባ ይሄዳል ማለት ነው። ሳንባ ይጨናነቃል፣ ልብ ይደክማል። ወደ ሰውነት የሚሄደው ደም ግን ኦክሲጅኑን እንደያዘ ነው። ኦክሲሜትሯ 98 ብታሳይ አይገርምም። ሕጻኑ «አለፈ»። ከአንድ ወይም ከሁለት ወር በኋላ ሲጠባ ያልበዋል፣ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ክብደቱ አልጨምር ይላል። ያን ጊዜ «ምርመራው ዋሸን» የሚል ቅሬታ ይመጣል። ምርመራው አልዋሸም። ስለ ቀዳዳው መጀመሪያውኑ አልተጠየቀም።

ደግነቱ ከእነዚህ ቀዳዳዎች ትንንሾቹ ብዙ ጊዜ በራሳቸው ይዘጋሉ። ትልልቆቹም የሚታከሙበት ጊዜ የሚቆጠረው በወራት እንጂ በቀናት አይደለም።

በኢትዮጵያ ሌላም የሚቀላቀል ነገር አለ። የልብ ቀዶ ሕክምና ከሚጠብቁት ብዙ ልጆች ከጉድለት ጋር የተወለዱ አይደሉም። በልጅነት ከያዛቸውና በደንብ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም ተነስቶ ቫልቭ የሚያበላሸው ሩማቲክ የልብ ሕመም ያለባቸው ናቸው። ለእነሱ የጨቅላ ምርመራ ምንም አያደርግላቸውም፤ ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው በጊዜ ማሳከም ነው ያለው።

በዓለም ዙሪያ ከ1,000 ሕጻናት 8 ወይም 9 ያህሉ ከልብ ጉድለት ጋር ይወለዳሉ። ከእነዚህ ሩብ ያህሉ «ከባድ» የሚባለው ዓይነት አለባቸው፤ በመጀመሪያው ዓመት ቀዶ ሕክምና ወይም በካቴተር፣ ማለትም በደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ፣ የሚሠራ ሕክምና ይሻሉ። ምርመራው የታሰበው ለእነዚህ ነው።

ያለፈ ሊታመም፣ የወደቀም ጤነኛ ሊሆን ይችላል

የሕክምና ማስረጃዎችን የሚመዝነው ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ግምገማ ከ450 ሺህ በላይ ሕጻናትን ያካተቱ ጥናቶችን አንድ ላይ አይቷል። ውጤቱን በቀላሉ እንዲህ ማስቀመጥ ይቻላል። ጤነኛ ከሚመስሉ 10,000 ጨቅላዎች 6ቱ ከባድ የልብ ጉድለት አለባቸው። ምርመራው 5ቱን ያገኛል፣ 1 ያመልጠዋል። ሌሎች 14 ሕጻናት ደግሞ ጉድለቱ ሳይኖርባቸው ይጠረጠራሉ። ከ24 ሰዓት በኋላ ከተለካ በከንቱ የሚጠረጠሩት ከ10,000 ወደ 6 ይወርዳሉ፤ ከ24 ሰዓት በፊት ከሆነ ግን 42 ይደርሳሉ።

«ሩቡ ከባድ ነው ካልን ቁጥሩ 6 ብቻ ለምን ሆነ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። እነዚህ 6ቱ ሌላው መንገድ ሁሉ ያለፋቸው ናቸው። የቀሩት በእርግዝና አልትራሳውንድ ታውቀዋል፣ ወይም እንደተወለዱ መታመማቸው በግልጽ ታይቷል።

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ባለሙያዎች በ2015 ያወጡት ስሌት ደግሞ ቀዝቀዝ ያለ ነው። በዓመት 1,755 ያህል ሕጻናት ሳይታወቅባቸው ከሆስፒታል ሊወጡ ይችሉ ነበር። ምርመራው ከእነዚህ 875ቱን ያገኛል፤ 880ው ግን ያመልጡታል። ግማሽ በግማሽ ማለት ነው። ስሌቱ ኦክሲጅንን ሁልጊዜ የማይቀንሱ ጉድለቶችንም ቆጥሯል። ከሚያመልጡት መካከል ዋነኛው የአኦርታ መጥበብ ነው። በዚህ ጉድለት ደሙ ኦክሲጅን አለው፤ ችግሩ ወደ ታችኛው አካል በበቂ መጠን አለመድረሱ ነው። እሱን ለመያዝ የተሻለው ዘዴ የቆየው ነው፤ ሐኪሙ በብሽሽት በኩል ያለውን የደም ምት በጣቱ መፈለግ።

በከንቱ ተጠረጠረ የተባለው ሕጻን ሁሉ ግን ጤነኛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመው የእንግሊዝ ጥናት 20,055 ሕጻናት ተለክተው 169ኙ ዋና የልብ ጉድለት ሳይገኝባቸው ወድቀው ነበር። ከእነዚህ 40ዎቹ አስቸኳይ ሕክምና የሚያስፈልገው ሌላ ሕመም ተገኝቶባቸዋል። በጨቅላ ዕድሜ ኦክሲጅን የሚቀንሰው በልብ ብቻ አይደለም። የሳንባ ምችና የደም ኢንፌክሽንም ይቀንሱታል። ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ፤ ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ ከሁሉ ይበልጥ ይጠቅማል።

አሜሪካ አዎ፣ እንግሊዝ ቆይ

በአሜሪካ ነገሩ የሄደው በፍጥነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ከስዊድን 39,821 ሕጻናትን ያየ ጥናት ወጣ። በ2011 ኒው ጀርሲ ምርመራውን በሕግ በማስገደድ ቀዳሚ ሆነች። በዚያው ዓመት መስከረም የፌዴራሉ ጤና ሚኒስትር ምርመራው በሀገር አቀፍ ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ ፈቀዱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሁሉም ግዛቶች ተከተሉ። በ2017 የታተመ ጥናትም ምርመራውን ያስገደዱ ግዛቶችን ካላስገደዱት ጋር አነጻጽሮ፣ በከባድ የልብ ጉድለት የሚደርሰው የጨቅላዎች ሞት በ33 በመቶ መቀነሱን አገኘ። ለአንድ የእጅ መሣሪያ ይህ ትንሽ ውጤት አይደለም።

እንግሊዝ ግን በራሷ ምድር የተሠራ ትልቅ ጥናት ይዛም አመነታች። የሀገሪቱ የቅድመ ምርመራ ኮሚቴ በ2019 ብሔራዊ ፕሮግራም እንዲሆን አልመከረም። ክርክሩ ሁለት እግር አለው። አንደኛ፣ የእርግዝና አልትራሳውንድና የጨቅላው አካላዊ ምርመራ ቀድመው ብዙውን ስለሚያገኙ፣ ተጨማሪው ጥቅም ምን ያህል እንደሆነ በበቂ አልተረጋገጠም አለ። ሁለተኛ፣ በከንቱ የሚጠረጠሩ ሕጻናት ከእናታቸው ይለያሉ፣ ሆስፒታል ይቆያሉ፣ ቤተሰብም ይጨነቃል። ብዙ የጨቅላና የልብ ሐኪሞች በዚህ አልተስማሙም። ብዙ የእንግሊዝ ሆስፒታሎችም ምርመራውን በራሳቸው ውሳኔ ይሠሩታል።

ቻይና ሌላ መንገድ ይዛለች። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ፣ ከ120 ሺህ በላይ ጨቅላዎችን ያካተተ ጥናት ኦክሲሜትርን ከሐኪም ማዳመጫ ጋር አጣመረ። በአካላዊ ምርመራ ብቻ ከከባዶቹ 77 በመቶው ሲገኙ፣ ኦክሲሜትር ሲጨመርበት 93 በመቶ ደረሱ። ሀገሪቱ በ2018 ብሔራዊ ፕሮግራሟን በዚሁ ጥምረት ጀመረች።

ለእኛ ሀገር የእንግሊዝ ክርክር ሲመዘን ውጤቱ የሚገርም ነው። የመጀመሪያው እግሩ እኛ ጋ አይቆምም። በእርግዝና ወቅት የሕጻኑን ልብ ዘርዝሮ የሚያይ አልትራሳውንድ የሚያገኙ እናቶች ጥቂት ስለሆኑ ምርመራው የሚጨምረው ጥቅም ይበልጣል። ሁለተኛው እግሩ ግን እኛ ጋ ይብሳል። በተለምዶ «ሙቀት ክፍል» የሚባለው የጨቅላዎች ክፍል በብዙ ሆስፒታል አልጋ ጠቦታል። በከንቱ የተጠረጠረ ሕጻን እዚያ ሲገባ የሌላውን ቦታ ይይዛል። ኢንፌክሽን ይዞ ሊወጣም ይችላል።

አዲስ አበባ ላይ 95 ስንት ነው?

የ95 በመቶው ድንበር የተሰመረው በአመዛኙ ለባሕር ወለል ቅርብ በሆኑ ቦታዎች በተሠሩ ጥናቶች ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደሴ ወደ 2,500፣ ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ይጠጋሉ። ከፍታው በጨመረ ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ሳንባ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክሲጅንም ያንሳል። ስለዚህ ፍጹም ጤነኛ የሆነ የደጋ ጨቅላ 93 ወይም 94 ሊያሳይ ይችላል። በኮሎራዶና በሌሎች ከፍታ ቦታዎች የተሠሩ ጥናቶች የሚወድቁ ሕጻናት ቁጥር ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። የጋምቤላና የሰመራ ጨቅላ ግን ቆላ ላይ ስለሆነ ይህ ችግር የለበትም። አንድ ቁጥር ለመላ ሀገሪቱ አይሠራም ማለት ነው።

«የኛ ሰው ደጋን ለምዶታል» የሚል መልስ ይመጣ ይሆናል። መነሻ አለው። ሲንቲያ ቢል የተባሉት አሜሪካዊት የሥነ ሰብ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮች ሳቹሬሽናቸው በአማካይ 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። ለዚያ ከፍታ ይህ ያልተጠበቀ ነበር። ሳይንቲስቶችም የቲቤትና የአንዲስ ሰዎች ከያዙት መንገድ የተለየ መላመድ ብለው ይዘውታል። ጥናቱ ግን የጨቅላዎች አይደለም። ሳንባው በተከፈተ ማግስት ያለ ሕጻን ደግሞ ከአዋቂ ጋር አንድ አይደለም። ስለዚህ የአዲስ አበባም የጎንደርም የመቀሌም ጨቅላ እዚያው መለካት አለበት።

በሌላ አቅጣጫ የሚጎትት ነገርም አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በአሜሪካ በአዋቂ ሕሙማን ላይ የወጣ ጥናት፣ ኦክሲሜትር በጥቁር ቆዳ ላይ ከእውነተኛው ከፍ ያለ ቁጥር ማሳየት እንደሚያዘወትር አመለከተ። መሣሪያዋ ደህና ናችሁ ካለቻቸው ጥቁር ሕሙማን 11.7 በመቶ ያህሉ በደም ምርመራ ሲታዩ ኦክሲጅናቸው ዝቅተኛ ሆኖ ተገኝቷል። በነጮቹ ይህ 3.6 በመቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አምራቾች መሣሪያዎቻቸውን በተለያየ የቆዳ ቀለም ላይ እንዲፈትሹ የሚጠይቅ ረቂቅ መመሪያ በ2025 አውጥቷል።

ከፍታው ጤነኛውን ሊጥለው፣ የቆዳ ቀለም ደግሞ የታመመውን ሊያሳልፈው ይችላል። ሁለቱ ተቃራኒ ስለሆኑ ይጣፋሉ ማለት ግን አይደለም። ስህተቶቹ የሚያርፉት በተለያዩ ልጆች ላይ ነው።

ቤት ውስጥ ያሉት ሳምንታት

በብዙ ቤታችን ጨቅላ ከተወለደ በኋላ ክርስትና እስኪነሳ ከቤት አይወጣም፤ ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን። ሌላውም ወገን በየራሱ ልማድ እናትና ልጅን ከብርድና ከሰው ዓይን ይጠብቃል። ልማዱ ጨቅላውን ከበሽታ የሚያርቅበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ዳክተሱ የሚዘጋበት አደገኛ ጊዜም በእነዚሁ ቀናት ውስጥ ይወድቃል። ክፍሉ ብዙ ጊዜ ጨለም ያለ ነው፤ ልጁም ይሸፈናል። ስለዚህ የቀለም ለውጥ ዘግይቶ ይታያል።

ምልክቶቹን በልማዱ ውስጥ ሆኖም ማየት ይቻላል። ጡት ጀምሮ ቶሎ የሚደክመውና የሚተወው፣ ሲጠባ ግንባሩን የሚያልበው፣ ተኝቶም ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ፣ ከወትሮው የተለየ ድካም የታየበት፣ እጅና እግሩ የሚቀዘቅዝ ጨቅላ ቶሎ ይታይ። ቀለሙ የሚመረመረው በብርሃን ነው። በጠይም ቆዳ ላይ ከፊት ይልቅ ምላስና ድድ ይናገራሉ። እነሱ ከጠቆሩ ወይም ከገረጡ ለነገ የሚባል ነገር የለም፤ «ምች ነው» ብሎ መጠበቅም አይገባም። ውጭ ሀገር ምርመራውን ላለፈ ሕጻንም ይህ እንዳለ ይሠራል፤ የወረቀቱ «አልፏል» ይህን አይሽረውም።

ከምርመራው በኋላ ያለው በር

አሁን ወደ አዲስ አበባው ጥያቄ እንመለስ። በኢትዮጵያ በዓመት ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕጻናት ይወለዳሉ። ከ1,000 በ8 ብናሰላው ከ24 ሺህ የማያንሱት ከልብ ጉድለት ጋር ይመጣሉ ማለት ነው። ከእነዚህ 6 ሺህ ያህሉ ከባዱ ዓይነት ይኖርባቸዋል። ይህ ግምታዊ ስሌት ነው፤ መጠኑን ለመረዳት ግን ይበቃል።

በዚህ ላይ ሁለት አስተያየት አለ። አንደኛው ወገን «ማከም የማንችለውን ለምን እንፈልጋለን?» ይላል። ክርክሩ ጭካኔ አይደለም። ቅድመ ምርመራ የሚደገፈው ከበስተኋላው ሕክምና ሲኖር ነው። የሕጻናት የልብ ሐኪሙ የዶክተር በላይ አበጋዝ ጥረት ያለበትና እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የተከፈተው የልብ ማዕከል በሺዎች የሚቆጠር ወረፋ አለበት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚደረግ የጨቅላ ልብ ቀዶ ሕክምና ደግሞ ከሁሉ የከበደው ነው። ልዩ የጽኑ ሕክምና ክፍልና ሌት ተቀን የሚሠራ ቡድን ይጠይቃል። ፕሮስታግላንዲንም በየሆስፒታሉ አይገኝም። በማቀዝቀዣ ይቀመጣል፤ ሕጻኑ መተንፈስ እንዲያቆም ሊያደርግም ስለሚችል የቅርብ ክትትል ይፈልጋል። እስራኤል ውስጥ በሆሎን ከተማ ወደሚገኘው ወልፍሰን ሆስፒታልና ወደሌሎች ሀገሮች በበጎ አድራጎት የሄዱ ኢትዮጵያውያን ልጆች አሉ። የአራት ቀን ጨቅላን ግን በዚህ መንገድ በጊዜ ማድረስ ዘበት ነው።

ሌላው ወገን «ሳይቆጠር የሞተ ሕጻን በጀት አያስመድብም» ይላል። ጨቅላው በቤት ሲሞት በኢንፌክሽን ወይም በምች ይመዘገባል፣ ወይም ጨርሶ አይመዘገብም። በሽታው ስለማይታይም ሕክምናው አይስፋፋም።

ሁለቱንም ስመዝን የሁለተኛው ወገን ክርክር ሚዛን ይደፋልኛል፤ ግን በራሱ ምክንያት ብቻ አይደለም። ኦክሲሜትር በኢትዮጵያ መጀመሪያ የሚጠቅመው ለልብ ሳይሆን ለሳንባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተሠራው የሀገር አቀፍ ጥናት መሠረት በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕጻናት 33ቱ ወር ሳይሞላቸው ይሞታሉ። ከምክንያቶቹ ግንባር ቀደሞቹ ያለጊዜ መወለድ፣ በወሊድ ጊዜ መታፈንና ኢንፌክሽን ናቸው። እነዚህ ኦክሲጅን ይቀንሳሉ፤ ሕክምናቸውም ኦክሲጅን፣ አንቲባዮቲክና ሙቀት ነው። እነዚህ ደግሞ ከልብ ቀዶ ሕክምና ይልቅ በየወረዳው ሊደርሱ የሚችሉ ናቸው። በእንግሊዙ ጥናት «በከንቱ» ከወደቁት ውስጥ የታመሙት 40 ሕጻናት እኛ ጋ ድርሻቸው ሊበዛ ይችላል። ስለዚህ ምርመራው «የልብ ፕሮግራም» ተብሎ ብቻውን ከሚመጣ፣ በጨቅላ እንክብካቤ ውስጥ እንደ አንድ መለኪያ ቢገባ ይሻላል። ሙቀት ተለክቶ፣ ክብደት ተመዝኖ፣ ሳቹሬሽንም ይለካል።

በሕግ አስገድዶ በአንድ ቀን በመላ ሀገሪቱ መጀመር ግን አይታየኝም። በዚያው የ2019 ጥናት በጤና ተቋም የወለዱት እናቶች 48 በመቶ ብቻ ነበሩ። በተቋም የወለደችውም ብዙ ጊዜ 24 ሰዓት ሳይሞላት ትወጣለች። ቀድሞ መለካት ደግሞ የሐሰት ጥርጣሬን እንደሚያበዛ አይተናል። ሪፈር ተጽፎለት የሚሄደው ሕጻን መንገድ ላይ የሚያጣው ነገርም አለ።

መነሻው የሚሆኑት ኢኮ ያላቸውና የሕጻናት ልብ ሐኪም በቅርብ የሚገኝባቸው ጥቂት የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ናቸው። ከደጋም ከቆላም ቢመረጡ ለየከፍታው የሚሆነው ድንበር ይታወቃል። የወደቀው ሁሉ በዚያው ቀን ኢኮ እንዲያገኝና ፕሮስታግላንዲን ማቀዝቀዣው ውስጥ እንዲኖር አስቀድሞ መደራጀት አለበት። ያለፉትንም ልጆች ቤተሰብ ከአንድ ወር በኋላ ስልክ ደውሎ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ምርመራው ስንቱን እንዳመለጠው የሚታወቀው በዚያ ነው።